የእምድብር ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?



ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ እየደበደበ መዝሙር ማጥናት ቢከለክለን፣ ቁጭ ብለን ስንጨዋወት ያልታሰበ ክርክር ተነሣ። ያነሣው በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚማርና ለዕረፍት ወደ እምድብር የመጣ አንድ ወንድማችን ነው። «አንድ መምህር ለልጆች እውነቱን በገዛ ዓይናቸው ካሳያቸው በኋላ፣ ያው እውነት በሰው ፊት ቢያሳፍራቸው፣ መምህሩ በደለ እንበል ወይስ አልበደለም?» አለን። ከመካከላችን ገሚሱ «ይህ ምን ጥያቄ ነው! እውነት ያስተማረ ሰው ምን በደል አለበት?» ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ «ልጅን ዋና ሳያስተምሩ ወንዝ ውስጥ እንደ መጣል ነው» አለ። በዚያው ሳንስማማ ተለያየን። ከዚያ ወዲህ ባሉት እሑዶችም ነገሩ እየተመላለሰ ስላስቸገረን፣ ያሰብነውን ጽፈን ለእናንተም ብናካፍል ይሻላል ብለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀን።

ወንድማችን ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘውም። በልጅነቱ በራሱ ላይ የደረሰ ነው። ከእኛም አንዳንዶቻችን ያን ጊዜ በአንድ ክፍል አብረነው ስለ ተቀመጥን የምናወራው ያየነውን ነው። የመምህራችንን ስም ግን አንጠቅስም፤ እሳቸውም ስማቸው ሲነሣ አይወዱም።

እኚህ ሰው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምሩን ነበር። ልጆቹ ሁሉ «ጋሼ» እንላቸዋለን። በክፍላችን ከስልሳ ልጅ በላይ ነበርን፤ አንዱን ዴስክ ለአራት እንካፈላለን። ቤተ ሙከራ የሚባል ነገር አላየንም። የሳይንስ ዕቃ የታሸገበት አንድ ሣጥን በዕቃ ቤት አለ ይባል ነበር፤ ነገር ግን ዕቃው እንዳይሰበር ተብሎ ስለ ተቆለፈበት ከልጅ እጅ ገብቶ አያውቅም። (እንዳይሰበር ለዘላለም የተቆለፈ ዕቃ ከተሰበረው በምን ይሻላል? በዚህ ጉዳይ አንድ ቀን ለብቻው እንጽፍበት ይሆናል።) ጋሼ ያን ሣጥን አልጠበቁም። አንዱን ገመድ፣ አንዱን ባዶ ጠርሙስ፣ አንዷን ጨው፣ ሌላዋን አሮጌ መስተዋት ከየቤታችን ያስመጡን ነበር። እንደምታውቁት እኛ ልጆች ከቤት እስከ ደጅ የምንሰማው «አትንካ፣ አትንኪ» ነው። አንድ ትልቅ ሰው፣ ያውም መምህር፣ «ንኩት እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?» ሲል የሰማነው ያን ጊዜ ነበር።

አንድ ቀን በታኅሣሥ ወር ወደ ጀፎረው አወጡን። አዲስ አበባ ተወልደው ለመስቀል ብቻ ለሚመጡት ዘመዶቻችን ለማስታወስ ያህል፣ ጀፎረ ማለት በቤቶች ፊት ለፊት የተዘረጋው ሰፊው የሣር መንገዳችን ነው። ጋሼ ከመሬት በላይ አንድ ሜትር የሚወጣ ቀጥ ያለ እንጨት ተከሉና «ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምትደርሰው በስንት ሰዓት ነው?» ብለው ጠየቁን። ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ስድስት ሰዓት!» አልን። «እስቲ እንጨቱን ጠይቁት» አሉን። በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር እያመለከትን ቆየን። ጥላው ከሁሉ ያጠረው በስድስት ሰዓት ሳይሆን ስድስት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነበር። ሰዓቱ ተሳስቷል ብለን የሌላ መምህር ሰዓት አስመጣን፤ እሱም ያንኑ አለ።

ምክንያቱን ኋላ በሰሌዳ ላይ አብረን አሰላነው። የኢትዮጵያ ሰዓት የሚቆጠረው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ መስመር ነው። እምድብር ግን ከዚያ ወደ ምዕራብ ሰባት ዲግሪ ያህል ርቃ በ38ኛው መስመር አጠገብ ትገኛለች። ፀሐይ አንዱን ዲግሪ ለማለፍ አራት ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ እኛ ዘንድ ራስጌ እስክትደርስ ግማሽ ሰዓት ግድም ትዘገያለች። በሰዓታችንና በፀሐያችን መካከል ያለውን ልዩነት አንድ ደረቅ እንጨት ነገረን።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በታኅሣሥ የእኩለ ቀኑ ጥላ ወደ ሰሜን ወድቆ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። ከወር ወደ ወር እያጠረ ሄደና በሚያዝያ መጀመሪያ አንድ ቀን ፈጽሞ ጠፋ፤ እንጨቱ በገዛ እግሩ ላይ ቆመ። ልጆቹ ተራ በተራ እየተንበረከክን ከታች ፈለግነው። በሰኔ ደመናው በተገለጠልን ቀን ደግሞ ጥላው ዞሮ ወደ ደቡብ ወደቀ፤ ከ30 ሴንቲ ሜትርም ያንስ ነበር። ከመካከላችን አንዱ የታላቅ ወንድሙን የቆየ መጽሐፍ ይዞ መጥቶ «እዚህ የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል ተብሎ ተጽፏል፤ የእኛው ለምን ወደ ደቡብ ሆነ?» ሲል ጋሼ ሳቁ። «መጽሐፉን የጻፈው ሰው የት አገር የሚኖር ይመስልሃል?» አሉት። ልጁም ሲያስብ ቆይቶ «ፀሐይ ከላዩ የማታልፍበት አገር» ብሎ መለሰ። እኛ በ8ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ስለምንኖር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ በራሳችን ላይ ታልፋለች፤ በሩቅ ሰሜን ለሚኖሩት ግን ከቶ በራሳቸው ላይ አትደርስም። ያን ቀን መጽሐፍ ሁሉ የሚጻፈው አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ባለ ሰው መሆኑን ተረዳን።

በዚሁ ዓመት ነበር የውሃው ነገር የመጣው። መጽሐፋችን ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንደሚፈላ ያስተምራል። ጋሼ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ቴርሞሜትር በልመና ተውሰው፣ ከሰል ምድጃ አቀጣጥለው፣ በትንሽ ድስት ውሃ ጣዱ። ሦስት ሦስት እየሆንን ቀረብንና ቁጥሩን እያነበብን በሰሌዳ ላይ ጻፍን። ስልሳ፣ ሰባ አንድ፣ ሰማንያ፣ ሰማንያ ስምንት፣ ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና ሦስት። ከዚያ በኋላ ዘጠና ሦስት። እንደገና ዘጠና ሦስት። ውሃው ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ይትጎለጎላል፣ ቁጥሩ ግን ወይ ፍንክች! ከሰል ጨመርን፤ በደብተር አራገብን፤ ምንም የለም። ከኋላ የተቀመጡት «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል!» ብለው ጮኹ።

ሌላ መምህር ቢሆን ኖሮ ምን ያደርግ ነበር? ምናልባት ድስቱን አውርዶ «በመጽሐፉ 100 ስለሆነ 100 ብላችሁ ጻፉ» ይል ነበር። ጋሼ ግን «ተበላሽቷል ያላችሁ እንዴት ታረጋግጣላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ክፍሉ ዝም አለ። በመጨረሻ አንዲት ዘወትር የማትናገር ልጅ እጇን አውጥታ «በረዶ ሲቀልጥ ዜሮ ነው ብለውናል፤ በረዶ ሲዘንብ እንሞክረው» አለች። ፍሪጅ የሚባል ነገር በአካባቢያችን አልነበረምና ሰማይን መጠበቅ ግድ ሆነ። ሦስት ሳምንት ያህል ጠበቅን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶው ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ስልሳ ልጅ ባንድ ጊዜ ኩባያ ይዞ ወጣ፤ የሌላው ክፍል መምህር ትምህርት ቤቱ የተቃጠለ መስሏቸው ነበር። ቴርሞሜትሩን በሚቀልጠው በረዶ ውስጥ ብናቆመው ወርዶ ወርዶ በዜሮ ላይ ቆመ። ዕቃው ደኅና ነበረ።

እንግዲህ ቴርሞሜትሩ ካልዋሸ፣ መጽሐፉም ካልዋሸ፣ ማን ተሳሳተ? ማንም። በላያችን ያለው አየር ክብደት አለው። እምድብር ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ የሚጫናት አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ወይም ጥቂት በሚበልጥ ያንሳል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ የሚጫነውን አየር ገፍቶ ነውና የሚወጣው፣ የሚገፋው ሲቀንስለት በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በጅቡቲ ወደብ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ግድም ይፈላል። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ በሚወርደው በዳሎል ደግሞ 100ን ጥቂት ያልፋል። እናቶቻችን ቦሎቄ በደጋ ከቆላ ይልቅ ዘግይቶ እንደሚበስል የሚያውቁት ስለዚህ ነው፤ ውሃው ቢንተከተክም እንደ ቆላው አይሞቅም።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። በዓመቱ መጨረሻ በትምህርት ቤቶች መካከል የጥያቄና መልስ ውድድር ተደረገ። ቦታው ሌላ ከተማ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ትምህርት ቤታችንን ከወከሉት አንዱ ይኸው ወንድማችን ነበር። ነጥቡ እኩል ለእኩል ሆኖ የመጨረሻው ጥያቄ ለእሱ ደረሰ። «ውሃ በስንት ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈላል?» ተባለ። ልጁም በትሕትና «እኛ ዘንድ ነው ወይስ በባሕር ዳር?» ብሎ ጠየቀ። የባሕሩን ጠረፍ ማለቱ ነበር፤ ሰዉ ግን ባሕር ዳር ከተማን ያነሣ መስሎት በሳቅ ፈረሰ። (ባሕር ዳር ከተማም ቢሆን ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃዋ በ94 ግድም እንጂ በ100 አይፈላም።) ጠያቂው «ጥያቄ አይጠየቅም፤ መልስ ብቻ!» አሉት። ልጁ «ዘጠና ሦስት» አለ። ደወሉ ተደወለ። «ተሳስተሃል፤ ትክክለኛው መልስ 100 ነው» ተባለ። ሽልማቱ ለሌላው ትምህርት ቤት ሆነ።

ጋሼ ከተመልካቹ መካከል በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠው ነበር። ልጁ ወደ እሳቸው ተመለከተ። እሳቸው ወደ መሬት ተመለከቱ።

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ እኛን የከፋፈለን ይህ ነው። «ልጁ ማን ሊጠይቀው እንደመጣ አስቦ 100 ብሎ ለምን አያልፍም ነበር?» የሚሉ አሉ። እነዚህን በቀላሉ ልናልፋቸው አንችልም። በውድድር 100 ማለት ውሸት አይደለም፤ ጠያቂው በልቡ «በባሕር ወለል ላይ» የምትለውን ቃል ደብቆ እንደያዘ የሚያውቅ ልጅ ለዚያች ለተደበቀችው ቃል ቢመልስ ኅሊናው አይቆሽሽም። ነገር ግን ይህ ልጅ የተደበቀችውን ቃል አውጥቶ አሳያቸው፤ «የት?» ብሎ ጠየቃቸው። ከዚያ በላይ ምን ያድርግ? ሳይንስን በእጁ ያልነካ ልጅ ያንን ጥያቄ ሊጠይቅ አይችልም ነበር። 100 የሚለውን ቁጥር አገር ያውቀዋል፤ «የት?» ብሎ መጠየቅን ግን ከመምህሩ ነው ያገኘው።

ሌሎቹ ደግሞ ሥጋታቸው ከዚህ የጠለቀ ነበር። አንድ በዕድሜ ከእኛ ከፍ ያሉ ወንድማችን «ሕፃንን አትመነኝ፣ ራስህ እይ ብላችሁ ካሳደጋችሁት፣ ነገ አባቱንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም አሳየኝ ይላል» አሉን። ይህን ስንሰማ ሁላችንም ወደ ቶማስ ሄድን። ቶማስ ጣቴን ካላገባሁ አላምንም ቢል ጌታ አላባረረውም፤ መጥቶ እጁን እንዲያቀርብ ፈቀደለት። ይሁን እንጂ ሳያዩ ያመኑትን ብፁዓን ማለቱን ልንሸሽገው አይገባም። ታዲያ ሁለቱን እንዴት እናስማማቸው? በበኩላችን የደረስንበት እንዲህ ነው። አንዳንድ ነገር በጣት ይዳሰሳል፤ አንዳንዱ በአደራ ይያዛል። እናታችን እንደምትወደን በቴርሞሜትር አንለካም፤ ብንለካም ነውር ነው። ውሃ በስንት እንደሚፈላ ግን የሚለካ ነገር ነው። ቴርሞሜትሩ በአጠገቡ ሳለ «ዝም ብላችሁ እመኑኝ» የሚል መምህር እምነትን ያስተማረ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን እምነትን ለማይገባው ነገር አውሎ ያረክሰዋል። አይቶ ሊያውቀው በሚችለው ነገር ሁሉ እመን እየተባለ ያደገ ልጅ፣ አንድ ቀን አንዱ ሐሰት ሆኖ ሲያገኘው፣ ሊታመን የሚገባውንም አብሮ ይጥለዋል። እኛ የምንፈራው ይህንን ነው።

ደግሞም ከዳንኤል ታሪክ የምንማረው አለ። በባቢሎን ቤተ መንግሥት ከንጉሡ ማዕድ ላለመብላት በወሰነ ጊዜ ጠባቂውን በቃሌ እመነኝ አላለውም። ለአሥር ቀን አትክልትና ውሃ ስጠንና ፊታችንን ከሌሎቹ ብላቴኖች ፊት ጋር አስተያይ አለው። ቀኑ ተወስኗል፤ የሚነጻጸር ወገን አለ፤ ፈራጁም ዳንኤል ራሱ ሳይሆን ጠባቂው ነው። ጋሼ በክፍል ያስተማሩን ሙከራ ከዚህ የተለየ መልክ አልነበረውም። ዳንኤልን በእምነት ማነስ የከሰሰው ሰው ግን አልሰማንም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ለይተን መናገር እንፈልጋለን። ልጆችን የሚያስደስት ሁሉ ሳይንስን አስተማረ ማለት አይደለም። ኮምጣጤና ሶዳ ደባልቆ አረፋ የሚያስገነፍል፣ ልጆቹም አጨብጭበው የሚሄዱበት ትምህርት አይተናል። ደስ ይላል፤ ግን ከሰርከስ በምን ይለያል? በእኛ ክፍል ከሁሉ የበለጠ ደስታ የነበረው ውሃው ሲፈላ አልነበረም፤ በረዶው በዜሮ ላይ የቆመ ጊዜ ነበር። ጥርጣሬያችንን ራሳችን ፈትነን የረታነው ያን ቀን ነውና።

ጉዳዩ ከውድድር ነጥብ ያለፈ መሆኑን ያወቅነው ደግሞ በእንሰት ነው። እንደምታውቁት በጓሯችን ያለ እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። አጠውልጎ የሚገድለው በሽታ ሲገባ የአንድ ቤት የዓመታት ድካም ይረግፋል። የዚህን በሽታ መንሥኤ ባክቴሪያ መሆኑን ለይተው በጽሑፍ ያወጡት ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1968 ነበር። ባክቴሪያው ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው ከሚሻገርባቸው መንገዶች ዋነኛው የምንቆርጥበት ቢላዋ ነው።

ጋሼ ይህን በቃል ብቻ አልነገሩንም። ለማንኛውም ሊነቀል ወደ ተወሰነበት የታመመ እንሰት ወሰዱን። የላይኛው ለጋ ቅጠል ጠውልጎ ተንጠልጥሎ ነበር። የቅጠሉን እግር ሲቆርጡት ጥቂት ቆይቶ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ከቁስሉ ወጣ። ከታመመው አንድ ቁራጭ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ፣ ከጤነኛው ሌላ ቁራጭ በሌላ ብርጭቆ አደረግን። የመጀመሪያው ደፈረሰ፤ ሁለተኛው እንደነበረ ቀረ። ከዚያ ቢላዋውን አንሥተው አሳዩንና «አሁን በዚህ ጤነኛውን ብቆርጥበትስ?» አሉ። ማንም አልመለሰም፤ መልሱ በቢላዋው ላይ ነበር። ቢላዋውን በእሳት ለብልበው፣ የታመመውን እንሰት ነቅለን በጥልቅ ጉድጓድ ቀበርነው።

ያን ዕለት አንዲት እህታችን ሮጣ ወደ ቤቷ ሄዳ ለአያቷ «እንሰቱን የሚገድለው የእርስዎ ቢላዋ ነው!» አለቻቸው። እንዴት ያለ አነጋገር ነው! አያቷ በጣም አዘኑ። «በዚህ ቢላዋ እናትሽን አሳድጌበታለሁ» ብለው ፊታቸውን አዞሩባት። ልጅቱ በማግስቱ እያለቀሰች መጣች። ጋሼም «እውነቱ እውነት ነው፤ አቀራረብሽ ግን የችኩል ነው። ለአያትሽ ከመንገርሽ በፊት ለምን አልጠየቅሻቸውም?» አሏት። እሷም ተመልሳ ሄዳ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ «እማማ፣ በሽታው በጓሮ ውስጥ ሲሄድ እንዴት ሲሄድ አይተዋል?» ብላ ጠየቀች። አያቷ በአንድ ቀን የተሠራባቸው እንሰቶች ተከታትለው እንደሚጠወልጉ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አስተውለው ኖሯል። የእውነቱ ግማሽ በእሳቸው እጅ ነበረ፤ ሌላው ግማሽ በልጅቱ። ማታ ቢላዋውን ራሳቸው ወደ እሳቱ አስጠጉት። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እሷም አልተናገረችም።

የዶክተር አክሊሉ ለማ ነገር ትዝ የሚለን በዚህ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከቱ። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎቹ ናቸው። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ እናቶች ሁሉ ያውቃሉ፤ ወንዙ ዳር ቆሞ «እነዚህን ምን ገደላቸው?» ብሎ የጠየቀ ግን እሳቸው ናቸው። ግኝታቸውን ውጭ አገር ያሉ ሳይንቲስቶች እንዲቀበሉላቸው ረጅም ዓመት ታግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እዚህ የጠቀስናቸው ለሽልማቱ አይደለም። ያየውን ነገር ሌላው አላምንህም ሲለው ሳይተው የሚቆም ሰው ስለነበሩ ነው።

ምክንያቱም የጋሼ ነገር የሚያሳዝነን እዚህ ላይ ነው። እኛ ተከራክረን ተከራክረን የተስማማንበት አንድ ነጥብ ቢኖር፣ ጋሼ 93ን በማሳየታቸው ልጁን አልበደሉትም። የበደሉት በሦስተኛው ረድፍ ዝም ብለው በመቀመጣቸው ነው። እውነትን በልጅ እጅ ያስጨበጠ ሰው፣ ልጁ ያንኑ ይዞ በሰው ፊት ሲቆም ብቻውን ሊተወው አይገባም ነበር። ተነሥተው «ልጁ ትክክል ነው፤ የት እንደሆነ ጠይቋችሁ አልነገራችሁትም» ቢሉ ምናልባት ነጥቡ አይመለስም ነበር። ልጁ ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ከእሱ ጋር መሆኑን ያውቅ ነበር።

ይህን የምንለው ለመፍረድ አይደለም፤ አስቀድመው በራሳቸው ላይ የፈረዱት እሳቸው ናቸውና። በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍል ገብተው፣ ኖራውን ሳያነሡ፣ በስልሳ ልጅ ፊት ቆመው እንዲህ አሉ፤ «ዓርብ ዕለት ከእናንተ አንዱ ያየውን መሰከረ። እኔ ደግሞ ያየሁትን ሸሸግሁ። ለነጥብ የምለምን መስሎ መታየትን ፈራሁ፤ በተጋባዦቹ ፊትም አፈርሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ከዚያም የልጁን ስም ጠርተው ይቅርታ ጠየቁት። ልጁ ምን እንደሚመልስ ግራ ገብቶት ተቀምጦ ዴስኩን በጥፍሩ ይፍቅ ነበር። መምህር ተማሪን ይቅርታ ሲጠይቅ ከዚያ በፊት ያየ ከመካከላችን አልነበረም። ቤት ሄደን ስንናገር ከወላጆቻችን አንዳንዶቹ «ይህማ መምህርነቱን አዋረደው» አሉ። ያን ጊዜ እኛም ትንሽ እንደዚያ መስሎን ነበር።

ዛሬ እንደዚያ አይመስለንም፤ ሆኖም ሁላችንም አንድ አይደለንም። ከመካከላችን አንዷ እስከ አሁን «ይቅርታው ደግ ነው፤ ነገር ግን ውርደቱ በሺህ ሰው ፊት ሆኖ ይቅርታው በስልሳ ልጅ ፊት መሆኑ ሚዛኑ አይገጥምም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ መልስ አላገኘንለትም። ወንድማችን ራሱ ምን እንደሚል ጠይቀነው ነበር። «ሽልማቱ መዝገበ ቃላት ነበር፤ ኋላ ገዛሁት» ብሎ ሳቀና አለፈው። ጥቂት ቆይቶ ግን መምህር ለመሆን የወሰነው ውሃው በ93 የቆመ ቀን ሳይሆን፣ ጋሼ ኖራውን ሳያነሡ የቆሙበት ሰኞ መሆኑን ነገረን።

በሚመጣው ዓመት ተመርቆ ይመደባል። የት እንደሚደርሰው ገና አያውቅም። መርካቶ ሱቅ ላላቸው አጎቱ ቴርሞሜትር እንዲገዙለት መልእክት ልኮ ነበር። የመጣለት ግን የሰው ትኩሳት መለኪያ ሆነ፤ እሱ የሚያነበው እስከ 42 ብቻ ስለሆነ ከፈላ ውሃ ቢገባ ይፈነዳል። መልሶ ላከው። አጎቱ በስልክ «ውሃ መፍላቱ በዓይን ይታይ የለም ወይ? ዲግሪው ምን ያደርግልሃል?» ብለው ቢስቁበትም፣ እስከ 110 የሚያነበውን ፈልገው ለመስቀል ሲመጡ ይዘውለት እንደሚመጡ ቃል ገብተውለታል።